ዛሬ መትፋት የለም

«አባዬ፣ ዛሬ መትፋት የለም» አለው ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሕፃን ልጅ ምግብ እንዳያዝረከርክ እንደሚነገረው አድርጎ። አባቴ ከሳሎኑ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጧል። ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣውን ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ አንገትጌው በመታጠብ ብዛት ሳስቷል። ከፊቱ ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ፣ ለብ ያለ ውኃና ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ የብረት ሳህን አለ። ሳህኑ መትፊያው ነው። ወንድሜ ሳህኑን አነሳና ወጥ ቤት ወስዶ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ከባልዲው ኋላ ወሸቀው። አባቴ በዓይኑ ሸኘው። እኔ ለቪዲዮ መቅረጫ የተተከለው የቀለበት መብራት እንዳይወድቅ ማቆሚያውን ይዤ ነበርና ሁለቱንም አያለሁ፤ ሁለቱም ግን ወደ እኔ አላዩም።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ጉድ ነው። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ቀማሽ ነበር። በየማለዳው ናሙናው በትንንሽ ብርጭቆ ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ አንዱን ይጎነጫል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ይተፋዋል፣ ዳቦ ይነክሳል፣ ውኃ ይጉመጠመጣል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቀማሽ አይውጥም። የዋጠ ቀማሽ ገና ረፋዱ ላይ ሆዱ ተነፍቶ ምላሱ ደንዝዞ ለምንም የማይሆን ሰው ይሆናል። ልማዱ እንዲህ ከደሙ ተዋህዶ የሰው ሠርግ ላይ እንኳ ለስላሳ ሲቀርብለት ፊቱን ዞር አድርጎ በሶፍት ይተፋል፤ እናቴ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች። «እኔንም ያገባኝ ቀምሶ ነው፤ ደግነቱ አልተፋኝም» ትላለች፣ ሰው ሳይስቅባት ቀድማ ለመሳቅ። ሠራተኛው «ሚዛን» ነበር የሚለው። ያ ስም እስከ ሰፈር ድረስ ተከትሎት መጥቶ፣ ዛሬም ባለሱቁ «ጋሽ ሚዛን፣ እንዴት አደሩ» ይለዋል። ቤት ውስጥ ግን ሚዛኑ የማይነቃነቅ ሰው ነው፤ ለምግብ የሚሰጠው ትልቁ ማዕረግ «ደህና ነው» ነው። እናቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትቀቅል፣ ስትጠብስ፣ ስታማስል ከ«ደህና ነው» የበለጠ ሰምታ አታውቅም። አንድ ቀን ምርር ብሏት «አንዴ እንኳ ግሩም ነው ብትል ምን ትሆናለህ?» ስትለው ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም።

ወንድሜ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ አራት ዓመቱ፣ ሥራ መፈለግ ከጀመረም አራት ዓመቱ። መፈለጉ ሲሰለቸው ብስኩት፣ ጭማቂ፣ ቺፕስ እየቀመሰ በስልኩ ራሱን መቅረጽ ጀመረ፤ ሰው ያያል፣ ይስቃል፣ ሰፈሩም «ቅምሻው» ብሎ ሰየመው። ሳሎኑ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። እኔ ከእናቴ ጋር አንድ አልጋ እጋራለሁ፣ አባቴ ስለሚያንኮራፋ ትንሿ ክፍል የሱ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ የቤት ኪራዩ ግማሽ ከእኔ ደመወዝ፣ ግማሹ ከአባቴ ጡረታ ነው። ልብሴን የምቀይረው እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞርልኝ ነው። ይህን የምናገረው ያደረግኩትን ለማድረግ ያበቃኝ ይሄ ስለሆነ ነው፤ ለመመጻደቅ አይደለም።

አንድ ድርጅት አዲስ የሎሚ ኢነርጂ መጠጥ ሊያወጣ ነው። ሁለት ካርቶን ጣሳ ልኮለት፣ ለብቻውና በኮክቴል ተቀምሶ ፍርዱ በቪዲዮ እንዲወጣ ፈለገ። ስልክ ያለው ጎረምሳ ሁሉ እየቀመሰ «ዋው» በሚልበት ዘመን እነሱ የፈለጉት አባቴን ነው፤ እውነተኛ የፋብሪካ ቀማሽ፣ ነጭ ጋዋን፣ ሽበት። ቪዲዮው በዚሁ ቅዳሜ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ለመውጣት ከደረሰ ወንድሜ የአንድ ዓመት ውል ይፈራረማል፤ ካልደረሰ ወረፋ የያዘ ሌላ ሰው አላቸው። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። አባቴ መጠጡን እንዲያሳልፈውና እንዳይተፋ። «መጠጡ ሲተፋ ያየ ሰው ማን ይገዛል?» አለ ወንድሜ፣ እውነትም አለው።

«ደም ግፊት አለበት እኮ። ሐኪሙ ቡና እንኳ ከልክሎታል» አልኩ። ከክሊኒክ በቅናሽ የገዛሁትን መለኪያ አምጥቼ ክንዱ ላይ ጠመጠምኩ፤ መቶ አርባ በዘጠና። ለሱ ደህና ነው። «አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ሰው አይገድልም» አለ አባቴ እጅጌውን እያወረደ፣ ወደ ወንድሜ ሳያይ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት በእኔና በእናቴ በኩል ነው። «ለአባትሽ ንገሪው»፣ «ለወንድምሽ ንገሪው»። ለምን እንደሆነ አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ተጣልተውም አያውቁም። አባቴ ልጁን ሲያይ ዓይኑ ቶሎ ይሸሻል፤ ልጁም «አባዬ አይወደኝም» ብሎ ደምድሞ ካደገ ቆይቷል። ዛሬ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለውሉ ብቻ ሳይሆን ለዚያም ስል እሺ አልኩ። ደግሞም ውሉ ከተፈረመ ወንድሜ ቤት ይከራያል፣ ሶፋው ይለቀቃል፣ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍዬ የራሴ የምለው ጥግ ይኖረኛል። እና መብራቱን ያዝኩ።

ወንድሜ ጣሳዎቹን ከፍሪጅ አውጥቶ በረዶ ሊጨምር ሲል አባቴ እጁን አነሳ። «ብርድ ውሸታም ነው» አለ። «በረዶ ውስጥ ያለ መጠጥ ሁሉ ጨዋ ይመስላል፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሲሞቅ ነው።» ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን፣ ፍሪጅ ያልነካውን አስከፈተ። ጣሳው ሲከፈት ጽስስ አለ። ወንድሜ በስልኩ ፊት ቀርቦ በሌላ ድምፅ፣ ቤት ውስጥ በማይናገርበት በዚያ ደስተኛ ድምፅ፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር ያሉት አባቴ ናቸው! ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቀምሱ አንድ መጥፎ ጠርሙስ አላሳለፉም!» አለ። አባቴ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ አቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ አሸተተ። ጎነጨ፣ አንከባለለ፣ ከዚያ ጉንጩ ተነፍቶ ዓይኑ ሳህኑን ፍለጋ ጠረጴዛውን ዞረ። የለም። እንደ መድኃኒት ጨክኖ ዋጠው፤ ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ። እናቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና «ወይ ጉድ! ለዚህም በቃ» አለች።

«አፍንጫ ላይ ሎሚ አለ» አለ አባቴ፣ ድምፁ ወዲያው የፋብሪካ ድምፅ ሆነ። «ግን ልጣጩ ነው፤ ውስጡ የለም። ምላስ ጫፍ ላይ ይጣፍጣል፣ ጎኖቹ ላይ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣው የዱቄት ነው፣ የፍሬ አይደለም። የፍሬ ኮምጣጣ መጥቶ ይሄዳል፣ ይሄኛው ተቀምጦ ይቀራል። ከኋላ የሚመር ነገር አለ፤ ስኳሩን ያበዙት እሱን ሊደብቁ ነው። አረፋው ጥሩ ነው፤ ደቃቅ ነው፣ ቶሎ አይሞትም።» ከዚያ ጣቱን ጉሮሮው ላይ አደረገ። «ከዚህ በታች ያለውን አላውቀውም። ከዚህ በታች ወርጄ አላውቅም።» እኔ ሳቅኩ፤ ወንድሜም መሳቅ አምሮት ነበር፣ ግን ስልኩን አቆመና ራሱን አከከ። አረፋው ጥሩ ነው የሚለው ብቻ ነበር የሚሆነው። «ትንሽ ቀለል አድርገው በይው» አለኝ፤ አባቴ ሁለት ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ እየሰማው።

እንደገና ተቀረጸ። ከታች መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ እንደገና። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ሚስማር መታ፤ እንደገና። ጋዋኑ ላይ ጥላ ወደቀ ተባለ፤ እኔ መብራቱን ዝቅ አደረግኩ፤ እንደገና። በየአንዳንዱ ጊዜ አባቴ ይጎነጫል፣ ይውጣል፣ ያንኑ ቃል ይናገራል። ልጣጩ አለ፣ ውስጡ የለም። አንድ ቃል አልቀየረም። ወንድሜ በመጨረሻ ራሱ ቀጥታ ጠየቀው፤ እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ወዲህ አባቴን አንድ ነገር ሲለምነው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። «አባዬ፣ ግሩም ነው ማለት አትችልም? አንዲት ቃል ናት።» አባቴ ብርጭቆውን በጨርቅ ጠረገ። «ያቺን ቃል አልናገርም» አለ። «ሌላ ቃል ፈልግልኝ፤ እሷን አልናገርም።» ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። አንድ ጣሳ ተኩል ሆድ ውስጥ ገብቷል፤ ገና አምስት ሰዓት ነው።

ኮክቴሉ ላይ ይሻላል ብሎ ወንድሜ ጠርሙሶቹን ደረደረ፤ ጂን፣ ቮድካ፣ ሩም፣ ከየትም ከየትም ተበድሮ ያመጣቸው፣ ሁሉም ከግማሽ በታች። አባቴ ጠጪ አይደለም፤ ግን ፋብሪካው የኮክቴል ማጣፈጫም ይሠራ ስለነበር ሥራውን ያውቀዋል። ከጂን ጋር የተደባለቀውን ቀመሰና «ሁለት ሽቶ የተቀባ ሰው» አለ፤ «ሁለቱም ይሸታሉ፣ አንዱም አይታወቅም።» ከቮድካ ጋር ያለው ላይ ብዙ ቆየ፤ ሁለቴ ዋጠ። «ይሄ መጥፎ ነው» አለ ኮስተር ብሎ። «መጥፎ ስለሚጥም አይደለም፤ ደህና ይጥማል። ቮድካውን ደብቆታል። መጠጥ እኔ መጠጥ ነኝ ብሎ ራሱን መናገር አለበት። ይሄን ልጅ ቢጠጣው ውኃ ነው ብሎ ይጨርሰዋል፤ መስከሩንም አያውቀውም፤ ኢነርጂው እያነቃው ይሰክራል።» ሩሙ ላይ ግን የአባቴ ፊት ፈታ አለ። «እዚህ ጋ ተገናኙ» አለ፤ «ሩሙ መራራውን ተቀበለው፣ ሎሚው ሩሙን ቀና አደረገው። ይሄኛው ደህና ነው።» ደህና ነው! ወንድሜ ዓለምን ያገኘ መሰለው፤ ሁለተኛ ቀዳለት፣ ሦስተኛ ቀዳለት፣ እስኪ በዚህ ማዕዘን፣ እስኪ ብርጭቆውን ከፍ አድርገህ። አባቴም ልጁ ሲደሰት ሲያየው ደስ አለው መሰለኝ፣ አልከለከለም። እኔም አልከለከልኩም።

ምሳ ቀርቦ ማንም አልነካውም። የአባቴ ጆሮ ቀላ፤ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ይጠበጥባሉ፤ ዓይኑ ያበራል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰውዬ ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ስለ ፋብሪካው ማውራት ጀመረ፤ ስለ ማሽኑ ጩኸት፣ ስለ ፈረቃ ደወል፣ ስለ አለቃው ጥቁር ጫማ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ያህል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ስልኩ ከፊቱ ማቆሚያው ላይ ነው፤ የመቅረጫው ቀይ ነጥብ ትበራለች። «አንድ መጥፎ ጠርሙስ አላሳለፉም አልክ አይደል?» አለው ወንድሜን፣ ዓይን ዓይኑን እያየ። «ጠዋት እንደዚያ አልክ። ስህተት ነው። አንድ ጊዜ አሳልፌያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ ጊዜ።»

ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ነው የቀጠለው። «አንተ ተወልደህ ሁለት ሳምንትህ ነበር። ያለ ጊዜህ ነው የመጣኸው፤ ይህን ታክል ነበር» ብሎ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ አሳየ፤ «ሙቀት የሚሰጥ ሳጥን ውስጥ አስተኝተውሃል። ሆስፒታሉን የሚከፍለው ፋብሪካው ነው። በዚያ ሳምንት ጠርሙስ የሚያጥበው ማሽን ተበላሸ፤ አለቅልቆ አይጨርስም፣ የሳሙናው መርዝ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። የብርቱካኑን ቀመስኩት፤ የምላሴ ጫፍ ነደደ። መኪናው ተጭኗል፤ ለትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር የታዘዘ ነው። አለቃዬ ከጎኔ ቆሞ፣ 'ልጅህ እንዴት ነው?' አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ልጅህ እንዴት ነው ብቻ።» አባቴ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋው። «ምላሴ እየነደደ ቀና ብዬ አየሁትና፣ 'ግሩም ነው! ይለፍ!' አልኩ። ማኅተሙን እንዲህ አድርጌ መታሁት» ብሎ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። «አሥራ አንድ ልጆች አፋቸው ተቃጠለ። አንዲቷ ልጅ ከወር በላይ ምግብ መዋጥ አቃታት፤ ሄጄ በመስኮት አየኋት። የማሽኑ ጥፋት ተባለ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። አንተ ከሳጥኑ ወጣህ፣ አደግክ፤ እኔ አንተን ባየሁ ቁጥር እሷን ነው የማየው።»

እናቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጥታ ከኋላው ቆማለች። ታውቅ ነበር፤ ፊቷ ላይ አነበብኩት። «አንተ ሰውዬ፣ በቃህ» አለችው በቀስታ፣ ትከሻውን ይዛ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የናንተ ኢነርጂ ይሄን ያህል ዓመት የሰፋውን ሆድ በግማሽ ቀን ቀደደው» አለች። ወንድሜ አመድ መስሏል። ሃያ ሰባት ዓመት አባቴ አይወደኝም ሲል የኖረ ልጅ ምን ይበል? አባቴ ደረቱን ሲያሻሽ ሳይ ግን ነፍሴ ተመለሰችና መብራቱን ለቅቄ መለኪያውን አመጣሁ። መቶ ሰማንያ ሁለት በመቶ ስምንት፤ የልቡ ምት መቶ ሃያ ሰባት።

አልጋው ላይ አጋደምነው። ክሊኒክ የምታውቀኝ ነርስ ጋ ስልክ ደወልኩ፤ ቀና አድርገሽ አስተኚው፣ ውኃ ስጪው፣ የግፊት ኪኒኑን ይዋጥ፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ትንፋሽ ካጠረው አንድ ደቂቃ እንዳትቆዪ አለችኝ። ኪኒኑ ሁለት ብቻ ቀርቶ ነበር። ወደ መድኃኒት ቤት ከመውረዴ በፊት ወንድሜን ወጥ ቤት ጎትቼ አስገባሁትና በሹክሹክታ ጮህኩበት። «ያን የቀረጽከውን አጥፋው። አሁኑኑ አጥፋው!» «አጠፋዋለሁ፤ ምን ነካሽ እትዬ? እኔ ሰው አይደለሁም?» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነው ያመንኩት። ደረጃውን ስወርድ ሦስተኛ ፎቅ እንዲያ ከፍ ያለ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከፊቴ አምስት ሰው ተሰልፏል። ኪኒኑ ካለፈው ወር ጨምሯል፤ «ሁሉም ጨምሯል እኮ እህቴ» አለኝ ባለመድኃኒቱ፣ እኔ ብቻ የማላውቅ ይመስል። ስመለስ ወንድሜ መስኮቱ ሥር ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። አውራ ጣቱ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ምን እየሠራህ ነው ልለው አፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። አልጠየቅኩትም።

አሥር ሰዓት ላይ የድርጅቱ የሽያጭ ሰውዬ መጣ። ጫማው ከመጥራቱ የተነሣ ወለላችን አፈረ። ሶፋው ላይ፣ የወንድሜ ብርድ ልብስ ታጥፎ ከተቀመጠበት ጎን ተቀመጠ፤ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ደስ የሚል ቤት ነው፤ አየር አለው» አለ። አባታችን የት አሉ ሲል፣ አረፍ ብለዋል አልነው። «ዕድሜ ነው» አለ። እናቴ ወግ እንዳይቀር ብላ ከጣሳዎቹ አንዱን አምጥታ ስታቀርብለት በሁለት እጁ መለሰላት። «ይቅርታ እናቴ፣ እኔ ኢነርጂ አልደፍርም። ልቤን ይመታኛል። ውኃ ካለ ይበቃኛል።» እናቴ ጣሳውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ መልሳ ወሰደችው፤ ውኃውን እኔ እንዳቀርብ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ብርጭቆውን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ሳለሁ የአባቴን ድምፅ ከስልኩ ሰማሁት። «ግሩም ነው! ይለፍ!» ከዚያ የመዳፉ ድምፅ፣ ጧ። ሰውዬው ከልቡ ሳቀ። «እንደገና እስኪ!» ግሩም ነው፣ ይለፍ፣ ጧ። «ይሄ እኮ ወርቅ ነው፤ ጠረጴዛ ሲመታ እያየህ ነው? ይሄ በገንዘብ አይገዛም!» እዚያው ቆምኩ። ብርጭቆው እጄ ውስጥ ቀዝቅዟል። ገብቼ፣ ጌታዬ፣ ይሄ ሰው የተናገረው ስለ እናንተ መጠጥ አይደለም፣ የአሥራ አንድ ልጆች አፍ ስላቃጠለ መርዝ ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ግን ያን ጊዜ የታየኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ መጋረጃው ነው። ቀለሙን ሳይቀር መርጬዋለሁ። ገባሁና ውኃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ይጠጡ» አልኩ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደሰማሁ ገባው፤ ዝም እንደምልም ገባው። ስንት ጊዜ እንደፈረመ አላውቅም፤ ብዙ ገጽ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቪዲዮው ወጣ። አባቴ ግፊቱ ወርዶለት፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ሳሎን መጣ። የቀለበት መብራቱ ጥግ ላይ አሁንም ይበራል፤ ማንም ማጥፋቱን አላሰበም። «አለቀ ወይ?» አለ። ወንድሜ ስልኩን ወደ ኪሱ ሊከት ሲል አባቴ መዳፉን ዘረጋ። እንግዲህ አባት ሲዘረጋልህ ምን ታደርጋለህ? ሰጠው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ራቅ አድርጎ ያዘው። የወንድሜ ደስተኛ ድምፅ መጣ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ መጥፎ ጠርሙስ። ከዚያ አባቴ ብርጭቆ ሲያሸት፤ አረፋው ጥሩ ነው፤ ሩሙ፤ ይሄኛው ደህና ነው። ከዚያ ዓይኑ እያበራ፣ ቀና ብሎ፣ ግሩም ነው፣ ይለፍ፣ ጧ። ሙዚቃ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነው ጠቅላላው። አባቴ እስከ መጨረሻው አየው፤ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀምሮ አየው። ከሥር ያለው ቁጥር በየደቂቃው ይጨምራል። እናቴ ፎጣዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ቆንጆ አድርገህ ቆርጠኸዋል» አለ አባቴ ስልኩን ሲመልስለት። «ስፌቱ አይታይም።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ…» ወንድሜ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ እኮ ለቤታችን ብዬ ነው። እትዬን ጠይቃት።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። የዚያን ጊዜ ቢሳደብ፣ ቢራገም፣ ብርጭቆ ቢሰብር እወድ ነበር። እኔ ዓይኔን ወለሉ ላይ ጣልኩ፤ ለጥያቄው ያ መልስ ነበርና ሌላ አልጠየቀኝም።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አለው ወንድሜን፣ ለስለስ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያሸሽ። «ያኔም ለቤት ነበር።»

ከዚያ ሳህኑን አምጪልኝ አለኝ። ከማጠቢያው ሥር ከባልዲው ኋላ አውጥቼ፣ አለቅልቄ፣ ለብ ካለ ውኃ ጋር አመጣሁለት። ጭኑ ላይ አድርጎት ተጉመጠመጠና ተፋ፤ ተጉመጠመጠና ተፋ፤ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን። ሲጨርስ ሳህኑን ለእኔ አቀበለኝና አፉን በጋዋኑ እጅጌ ጠረገ።

«ሁለት ጊዜ አሳለፍኩ» አለ።